የመካነ ሰላም የውሃ ዳርቻ

መካነ ሰላምን አይተው ለማያውቁ አንባብያን ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ከተማችን ውሃ ዳር አይደለችም። አምባ ላይ ናት። ዓባይ አለ፣ እሱን አልክድም፤ ግን እሱ ከእኛ በታች ጥልቅ ገደል ውስጥ በራሱ ጉዳይ ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ ቀና ብሎ አይቶን አያውቅም። እኔ ግን ለዚህች ከተማ የውሃ ዳርቻ ፕላን ሠርቻለሁ። ተንሳፋፊ ቤቶች ያሉት፣ በአራት ቀለም የተቀለመ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሴ ስለሆነ ሳልሳቀቅ አወራዋለሁ።

ዘመኑ የእቅድና የግምገማ ዘመን ነበር። ጠዋት እናቅዳለን፣ ከሰዓት እንገመገማለን፣ በመሃል ጊዜ ከተረፈ ሻይ እንጠጣለን። እኔ በድራፍቲንግ ዲፕሎማ ይዤ የከተማ ፕላን ባለሙያ ተብዬ ተቀጠርኩ፤ ሕዝቡ ግን ኢንጂነር ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም" እል ነበር። በኋላ ተውኩት። ሰው ወዶ በሰጠኝ ማዕረግ ምን አከራከረኝ?

ታዲያ አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ ለሳምንት ሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ፎቶ እያበራ ውሃ ላይ የተሠሩ ቤቶች አሳየን። ውሃው ሲሞላ ቤቱ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። ዙሪያውን ረግረግ፣ ሸምበቆ፣ ዳክዬ። ሰዎቹ በመስኮት ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔ በጣም ከመገረሜ የተነሳ ደብተሬ ላይ "መስኮት" ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንቱ ሥልጠና ይዤ የተመለስኩት ማስታወሻ ይኸው ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ከበላይ ቅጽ መጣ። ክፍል ሰባት እንዲህ ይላል፦ "የውሃ ዳርቻ ልማት፣ ረግረጋማ ቦታና ተንሳፋፊ መኖሪያ።" ከግርጌው ደግሞ በትንሽ ፊደል፣ የሚመለከተው ከተማ አንድ ገጽና ካርታ፣ የማይመለከተው ከተማ ለምን እንደማይመለከተው በሦስት ገጽ እንዲያብራራ ይላል። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሦስት ገጽ ከምጽፍ ከተማዋን ውሃ ዳር ባደርጋት ቀለለኝ።

ደግሞም ከምንም ተነስቼ አይደለም። ከከተማው በታች ጨፌ አለን። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ጥቅምት ሲጠባ ከብት ይሰማራበታል፣ በዓል ሲደርስ ሴቶች ቄጠማ ያጭዱበታል። ዳክዬም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ መንገድ ስቶ ይሁን አስቦበት አላውቅም። ካርታው ላይ ሰማያዊ ስቀባው ደስ አለኝ። ትንሽ ደስታ ሲጨመርበት ሰማያዊው ሰፋ። ከዚያ ተንሳፋፊ ቤቶቹን ደረደርኩ። እንዲያውም አንዲት ጀልባ ሣልኩ፤ ጀልባዋ ውስጥ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነበር።

አሁን የቤት አከራዬን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ሀዋ ይባላሉ። ጨፌው ዳር ተወልደው፣ ቄጠማ እያጨዱ አርጅተዋል። አንዲት ልጃቸው ሰዓዳ፣ ጅዳ ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች። በላቧ ለእናቷ ቤት አሠርታላቸዋለች፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ ጣራ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ፣ ሳሎኑ ሲሚንቶ። እኔ እዚያው ግቢ ከላይ በኩል ባለችው ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ተከራይቻለሁ። እትዬ ሀዋ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቤቱን ዞር እያሉ ያዩታል። ሰዓዳ ቤቱን ከፎቶ በቀር አይታው አታውቅም።

ችካል ልመታ መሆኑን የሰሙ ዕለት ገና በጠዋቱ ደጄን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ይህ ቤት የሰዓዳ ጉልበት ነው" አሉኝ። "ቀይ እንጨትህ ወደዚህ እንዳይመጣብኝ። በአላህ ይሁንብህ።"

"አብሽሩ፣ አይዞዎት እትዬ፣ እኔ እያለሁ?" አልኳቸው።

እኔ እያለሁ ያልኩበትን ድፍረት ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ሥራው ተጀመረ። መመሪያው ውሃው ሞልቶ በሚደርስበት ዳር ሁሉ መስመር ይውጣ፣ ከመስመሩ ውስጥ ምንም ቤት አይኑር ይላል። ዘዴዬ ቀላል ነበር። ሸራ ጫማ አድርጌ ከዳር ወደ መሃል እሄዳለሁ፤ ጫማዬ ሲርስ ቆም ብዬ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እመታለሁ። ሠላሳ ችካል ይዤ ነበር። ወሩ ግንቦት መሆኑን ልብ አላልኩም። ግንቦት ላይ እንኳን ጫማ፣ እንቁራሪቷም አልራሰችም። መስመሩ ከእትዬ ሀዋ ቤት በጣም ርቆ አለፈ፤ እሳቸውም መረቁኝ፣ እኔም ተመረቅሁ።

ከዚያ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፕላኑ ይገለጽለት ተባለ። ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስለ ተንሳፋፊ ቤት ገለጻ አደረግሁ። ጥያቄ ካለ ስል እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም።

"ኢንጂነር፣ ቤቱ ይንሳፈፋል ካልክ ላሟ የት ትታሰራለች?"

"ከጎረቤቴ ጋር ብንጣላና ገመዴን ቢፈታብኝስ?"

"ነፋስ ገፍቶ ዜሮ ሦስት ቀበሌ ቢያደርሰኝ መታወቂያዬ የቱ ሊሆን ነው?"

ለሁሉም "ይህ በዝርዝር ጥናቱ ይታያል" እያልኩ መለስኩ። ከዱባይ የተመለሰ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ "ወላሂ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውሃ ላይ ሆቴል ቆሞ ሰው ምሳ ይበላበታል፤ ይቻላል!" ሲል ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ለካስ እሱ ነው ነገሩን ያከረረው። ስብሰባው ሳይበተን፣ ከመስመሩ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ መብራት ያለው ተንሳፋፊ ቤት ይሰጠዋል የሚል ወሬ ተነሳ።

በማግሥቱ ጨፌው ወርድ ጨምሮ አገኘሁት። ዝናብ ጠብ አላለም፤ የጨመረው ችካሉ ነው። ሰው ሁሉ ችካል እየነቀለ ከቤቱ ጀርባ ተክሏል፤ ያልደረሰው ራሱ ጠርቦ ቀይ ቀብቶበታል። ከመናኸሪያው አጠገብ ያለ ልብስ ሰፊ እንኳ ደጃፉ ላይ አንድ ችካል አቁሟል።

"ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል?" አልኩት።

"ኢንሻአላህ" አለኝ፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ።

በሳምንቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከመስመሩ ውስጥ ያሉ ቤቶች በመጀመሪያው ምዕራፍ ክረምት ሳይገባ ይነሳሉ፤ ተንሳፋፊ ቤቶቹ በሁለተኛው ምዕራፍ "እንደ አስፈላጊነቱ" ይታያሉ። እንደ አስፈላጊነቱ የሚለው ቃል ትርጉሙ የማይገባው ሰው አገራችን ውስጥ የለም። ልብስ ሰፊው አንብቤ ሳልጨርስ ሱቁን ጥሎ ሲሮጥ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ጨፌው ወርጄ ባይ ችካሎቹ ሁሉ መሃል ሜዳ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል። የመካነ ሰላም ረግረጋማ ቦታ የአንድ ሰው መኝታ አክሎ ቀርቷል። ዙሪያውን ከብት ይግጣል።

ኃላፊዬ ጠራኝ። ሰውየው ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ቀን ከንፈሩን እያየሁ ነው የሰማሁት።

"ኢንጂነር፣ ባለፈው ሳምንት ጨፌህ መናኸሪያ ደርሶ ነበር። ዛሬ አልጋ አያህልም። ለበላይ ምን ብዬ ላስረዳ?"

"ትነት ነው ብንልስ?" አልኩ።

እስከ ሰኞ መስመሩ ካልጸና እኔ ራሴ በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደምነሳ ገለጸልኝ። እኔም የግንቦቱን መስመሬን እመልሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቱ ግን እንቢ አለ። "ያን መስመር ያወጣኸው አከራይህን ለማዳን ነው" አሉኝ። ጫማዬን ባሳያቸው ማን ይሰማኛል? እውነት ለመናገር፣ ጫማዬ ባያድናቸው ኖሮ እኔ አድናቸው እንደነበር ልቤ ያውቀዋል።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። የሽማግሌዎቹ አውራ ሸህ ይመር ነበሩ፤ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚሄድባቸው ሰው ናቸው። ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ "በወረቀት የወጣውን መስመር ሰው ይነቅለዋል" አሉ። "በመሐላ የወጣውን ግን ማንም አይነካውም። አፈር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ይመረጥ።"

ይህ የአባቶች ወግ ነው። ወሰን ሲያጣላ፣ ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው እርጥብ አፈር ከነሣሩ አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ "ባሳስት ይህ አፈር ይብላኝ" ብሎ ምሎ ወሰኑን በእግሩ ይሄዳል። ከኋላው ችካል ይመታል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። እኔ ዲፕሎማ ስማር ይህ የቅየሳ ዘዴ አልተነገረኝም።

ማን ይሂድ ሲባል ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ወይ አጥር፣ ወይ በረት አለበትና ማንም አፈሩን ሊደፍር አልፈለገም።

"ሀዋ ትሂድ" አሉ ሸህ ይመር።

"ሴት?" አለ አንዱ።

"ወንዶቻችን ውሃውን ዳር ቆመው ነው ያዩት። እሷ ውስጡ ገብታ አርባ ዓመት አጭዳለች።"

እትዬ ሀዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "ያ ሸህ፣ እኔን ተዉኝ" አሉ። ድምፃቸው አላማረኝም። ሸህ ይመር ግን ሌላ ሰው አልጠሩም። በመጨረሻ እትዬ ሀዋ ተነስተው ለመሐላው ታጥበው ውዱእ ለማድረግ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ ሀዋ ቄጠማ የበቀለበት የአፈር ጓል አናታቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ማሉ። ከዚያ መሄድ ጀመሩ። እኔ መዶሻና ችካል ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። አይቸኩሉም፤ አንዳንድ ቦታ ቆመው መሬቱን በባዶ እግራቸው ዳሰስ ዳሰስ ያደርጉና ይቀጥላሉ። የአንዱን አጥር አልፈው ገቡ፣ የሌላውን በረት ለሁለት ከፈሉት፤ ባለቤቶቹ ትንፍሽ አላሉም። የኔ የግንቦት መስመር የት እንደነበር ዘወር ብዬ ብፈልገው ከሩቅ እንኳ አልታይህ አለኝ።

ወደ ራሳቸው ግቢ ሲቃረቡ ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ በጓሮ በኩል ይዙሩ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"አፈሩ እኮ አናቴ ላይ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

የግቢውን በር ገፍተው ገቡ። በረንዳው ላይ ወጡ። በሩን ከፍተው ሳሎን ገቡ። እኔም ገባሁ፤ ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። እትዬ ሀዋ በሶፋውና በአልጋው መሃል አልፈው ጓዳው ደፍ ላይ ቆሙ።

"ምታ" አሉኝ።

መታሁ። ሲሚንቶው ችካል አልቀበልም አለ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ችካሉን ሶፋው ላይ አስደግፌ ተውኩት። እሳቸው በጓሮ በር ወጥተው መስመሩን እስከ መጨረሻው ሄዱ። አፈሩን አውርደው ካስቀመጡ በኋላ ነው ቁጭ ያሉት።

"ሦስት ክረምት ውሃ ገብቶብኛል" አሉ። "አልጋውን ጡብ ላይ ያወጣሁት ለዚያ ነው። ልጄ ቦታው ደረቅ ነው ወይ ስትለኝ ደረቅ ነው ብያታለሁ። ከጨፌው መራቅ አልሆንልኝ ብሎ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አልጋው ጡብ ላይ መቆሙን እኔም አይቼ ነበር። ከሥሩ ሻንጣ ለማስቀመጥ ይሆናል ብዬ ነበር። አፈርኩ። ሰዎቹም አፈሩ፤ በረቱ ለሁለት የተከፈለበት ሰውዬ ችካሉን በራሱ እጅ ጠበቅ አድርጎ ሲመታ አየሁት። ሌላው ከመስመሩ ውስጥ የገባበት አጥርና በረት ነው፤ ሙሉ ቤት የገባባቸው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

"በል እንግዲህ" አሉኝ እትዬ ሀዋ፣ "የሚንሳፈፈው ቤት መቼ ይመጣል?"

"በሁለተኛው ምዕራፍ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እኔ ለሁለተኛው ምዕራፍ አልደርስም።"

ያን ጊዜ ነው እውነቱን የተናገርኩት። "እትዬ፣ የሚመጣ ቤት የለም። ፎቶ አይቼ ነው የሣልኩት። የሚሠራውም ሰው፣ የሚሠራበትም ዕቃ የለንም" አልኩ። ሽማግሌ ተሰብስቦ እያለ አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ግን እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ሸህ ይመር ግድግዳውን ዳሰሱት፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩት። "ቤት ለማንሳፈፍ ዕቃ ምን ያደርጋል?" አሉ። "ሰው አለን አይደለም እንዴ?"

ምትክ ቦታው ከጨፌው ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከፍ ያለው ላይ ተሰጠ። ወረቀቱን በሦስት ቀን ጨረስኩ፤ በሥራ ዘመኔ በሦስት ቀን የጨረስኩት ብቸኛ ወረቀት ነው። አዲሱ ግድግዳ በደቦ ቆመ። የሰኔ ዝናብ ጨፌውን ማርጠብ በጀመረ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣና የአሮጌው ግድግዳ ምስማር ተነቀለ፣ ከጣራው ሥር አጣና ታሰረ፣ ስድሳ የምንሆን ሰዎች ከሥሩ ገባን። "ቢስሚላህ!" ተባለ። ጣራው ከግድግዳው ላይ ተነሳ።

ከሩቅ ለሚያይ እኛ አንታይም፤ እስከ ወገባችን ቄጠማው፣ ከዚያ በላይ ጣራው ሸፍኖናል። ሰማያዊ ጣራ ብቻውን በጨፌው ላይ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ኃላፊዬ ዳር ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ ለክፍል ሰባት መሆኑን አልጠየቅሁትም። አጣናው ትከሻዬን እየበላኝ ነበርና ጥያቄ አላማረኝም። እትዬ ሀዋ ከፊት እየመሩ ይሄዳሉ። እሳቸው ሲሄዱ እንሄዳለን፣ ሲቆሙ እንቆማለን።

መሃል ላይ ስንደርስ ስልካቸው ጮኸ። እሳቸው ቆሙ። እኛም ጣራውን ተሸክመን ቆምን።

ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት። ሰዓዳ ነበረች።

"እማ፣ ደህና ነሽ? ቤቱ ደህና ነው?"

እትዬ ሀዋ ዞረው አዩን። ስድሳ ሰው ላቡ እየወረደ አያቸው።

"ደህና ነው ልጄ" አሉ። "ከኋላዬ እየመጣ ነው።"

"ምን?"

"ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ደረቅ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ውሃ ላይ ነው ያሠራሁት። በየክረምቱ ይገባብኝ ነበር። አሁን ሰው ጣራውን ተሸክሞልኝ ወደ መንገዱ እየወሰድነው ነው።"

ከጣራው ሥር ያለን ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አጠገቤ ያለው ልብስ ሰፊ "ያረቢ፣ ቶሎ ትናገር" ይላል በለሆሳስ። እኔ የትከሻዬን ነገር ረስቼ የዚያችን ልጅ መልስ ብቻ እጠብቅ ነበር።

"እስከ የትሽ ነበር የሚደርሰው?" አለች በመጨረሻ። እያለቀሰች ነው።

"እስከ ጉልበቴ ብቻ።"

"እማ፣ ብቻሽን? ሦስቱንም ክረምት? እኔ ለቤቱ ነው እንዴ እዚህ ያለሁት?"

እትዬ ሀዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰዓዳም አፍንጫዋን ሳብ አደረገችና ጠየቀች።

"በረንዳው ወዴት ነው የሚዞረው?"

"ወደ ጨፌው ነዋ። እንደ ድሮው።"

"አይሆንም። ወደ መንገዱ አዙሩልኝ። ከሁለት ወር በኋላ በፈቃድ እመጣለሁ፤ ከመኪና ስወርድ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ ላይሽ እፈልጋለሁ።"

እትዬ ሀዋ ወደ እኛ ዞሩ። የሚሉን ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም ሰምተናል። በረንዳው ከጣራው ጋር አንድ ነውና፣ ወደ መንገዱ እንዲሆን ጣራው ሙሉ በሙሉ ፊቱን ማዞር አለበት፤ ጭቃ ላይ ነን፣ ትከሻችን አልቋል።

"ቢስሚላህ" አሉ ሸህ ይመር።

ዞርን።